«15 ደቂቃ ጠብቁና አጥፉት» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል፤ አንዱ ከቡሬ፣ አንዷ ከሞጣ፣ ሁለቱ ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ። «ላፕቶፓችሁ አፕግሬድ ላይ ስታክ ካደረገ» ብሎ ይጀምራል። ጉዳዩ የብዙ ሰው ጉዳይ ነው። መልሱ ግን ሰው እየጎዳ ነው። እንጀራዬ ላፕቶፕ መጠገን ነው። ጽሑፉን አንብበው፣ እንደተባሉት አድርገው ወደ እኔ የመጡ ሰዎች አሉ። ዝም ብል ነገም ሌሎች ይመጣሉ።

ጸሐፊውን አላውቀውም። ለሰው አስቦ እንደጻፈው ግን ያስታውቃል። ቋንቋው ግልጽ ነው፤ ማንም ይረዳዋል። ብዙ ሰው የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለውን ሳላጎድል ላስቀምጥ።

የሚለው ይህን ነው። ወደ አዲስ ዊንዶውስ ሲያድግ ፐርሰንቱ ለ15 ደቂቃ ካልተንቀሳቀሰ ላፕቶፑ ቆሟል ማለት ነው፤ ማጥፊያውን ተጭናችሁ አጥፉት፣ ሲነሳ ያው ከሆነ ደግማችሁ አጥፉት። በዚህ ካልተስተካከለ መፍትሔው ፎርማት ብቻ ነው፣ ማለትም ዊንዶውሱ ያለበትን ክፍል ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን፤ ፋይላችሁ ዲ በሚባለው ሌላው የዲስኩ ክፍል ላይ ስለሆነ አይነካም። አፕግሬድ ላይ የሚቆም ላፕቶፕ ያረጀ ነው፤ ለጥገና ከምታወጡ ጨምራችሁ ሌላ ግዙ። ከሁሉም የሚሻለው አፕዴቱን ከነጭራሹ መዝጋት ነው፤ ዊንዶውስ 10 ይበቃችኋል። በመጨረሻም፣ እንደኛ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ አፕግሬድ መሞከር ራሱ ስህተት ነው።

ከ15 ደቂቃው ልጀምር።

አንዲት የሉማሜ መምህርት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «ወንድምዓለም፣ 32 ላይ ቆመብኝ። ላጥፋው?» አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ከ1 ሰዓት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።» ጽሑፉን አንብባው ነበር። እጇ ማጥፊያው ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

«ቆይ፣ ከመንካትሽ በፊት አንድ ነገር እይልኝ» አልኳት። ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ፣ ከቻርጀሯ መብራት አጠገብ፣ ሌላ ትንሽ መብራት አለች። እሷ ትበራለች ወይ? «አዎ፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። አንዳንዴ ትፈጥናለች፣ አንዳንዴ ታዘግማለች።» ጆሮዋን ወደ ላፕቶፑ ታች እንድታስጠጋ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ጥሬ የሚቆረጥም ነገር ይሰማኛል» አለች። ያ ድምፅ ሃርድ ዲስኩ ነው። እየሠራ ነው። ቻርጀሩን እንደሰካች፣ ክዳኑን ሳትዘጋ እራቷን እንድትበላ መከርኳት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ 41 ገባ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን የተከፈተውን ዴስክቶፕ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የተማሪዎቿ ማርክ ሁሉ እንዳለ ነበር።

በ15 ደቂቃው ምክር ብትሄድ ኖሮ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ አራት ጊዜ ታጠፋው ነበር።

ፐርሰንቱ ሰዓት አይደለም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል። ዊንዶውስ ሲያድግ መጀመሪያ እናንተ ሥራ ላይ እያላችሁ ፋይሎቹን ያዘጋጃል፣ ማሽኑን ይፈትሻል። ከዚያ ሪስታርት ያደርግና ከዋናው ዊንዶውስ ውጪ በሆነ ትንሽ ሲስተም ይነሳል። እዚያ ሆኖ የድሮውን ዊንዶውስ ወደ ሌላ ፎልደር ያነሳል፤ አዲሱን በቦታው ይዘረጋል። ቀጥሎ አዲሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይነሳና ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር ይተዋወቃል፤ ከስክሪኑ፣ ከዋይፋዩ፣ ከድምፁ፣ ከኪቦርዱ። ዊንዶውሱን ከየዕቃው ጋር የሚያግባባው፣ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም የሚጫነው እዚህ ነው። መጨረሻ ላይ የእናንተን አካውንት፣ ፕሮግራምና ፋይል ይመልሳል። ሥራው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ማንሳትና ማስቀመጥ ነው። በደቂቃ 5400 ጊዜ በሚዞር ሃርድ ዲስክ ላይ ይህ ጎተራ ሙሉ ጤፍ በስኒ እንደ መስፈር ነው። ፐርሰንቱ አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ሳለ ስኒው ይመላለሳል።

እና ምን ያህል እንጠብቅ? የእኔ ልክ ይህ ነው። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይዞረው ፈጣኑ ዲስክ፣ ያለው ማሽን ከሆነ ሁለት ሰዓት። ሃርድ ዲስክ ከሆነ አራት ሰዓት፤ ከቻላችሁ ይደር። ዋናው ግን የሕይወት ምልክቱን ማየት ነው። የዲስኩ መብራት ብልጭ ይላል? ድምፅ ይሰማል? ካፕስ ሎክን ስትጫኑ መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል? አንዱ እንኳ ካለ አትንኩት። ስክሪኑ ጨልሞ ትንሽ ቢቆይ፣ ራሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሪስታርት ቢያደርግ አትደንግጡ። እንዲያ ነው የሚሠራው።

አንድ እኛ አካባቢ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። አፕግሬዱ ገና ሲጀምር «አፕዴት እየፈለግኩ ነው» በሚለው ላይ ደርቆ የሚቀር ማሽን። 46 ፐርሰንት ላይ ሲቆም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እዚያ ላይ ጥፋቱ የኢንተርኔቱ መድከም ነው። ዋይፋዩን ስታጠፉት ወይም የስልካችሁን ሆትስፖት ስትዘጉት አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል። ማጥፊያ መንካት አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ጸሐፊው ልክ የሆነበትን ልናገር። የእውነት የሚቆም ማሽን አለ። አራት ሰዓት ሙሉ መብራቷ ካልበራች፣ ካፕስ ሎኩ ካልመለሰ፣ ድምፅ ከሌለ፣ ያ ማሽን ቆሟል። ያን ጊዜ ማጥፋት ግድ ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን በላዩ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፦ ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ፕሪንተር፣ የውጭ ማውዝ፣ ዶንግል። አፕግሬድን ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ ከውጭ የተሰካ ዕቃ ድራይቨር ነው። ሲነቀል የሚቀጥል ማሽን አይቻለሁ። ካልቀጠለ ማጥፊያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ትንሽ ቆዩና አስነሱት።

ሲነሳ ወይ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ወይ «የቀድሞውን ዊንዶውስ እየመለስኩ ነው» የሚል ጽሑፍ ያመጣል። ሁለተኛው ሲመጣ ብዙ ሰው ይደነግጣል። አትደንግጡ፤ ሊያድናችሁ ነው። ዊንዶውስ አፕግሬዱ ሲበላሽበት ወደ ኋላ እንዲመለስ ተደርጎ ነው የተሠራው። የድሮውን ወደ ጎን ያስቀመጠውም ለዚህ ነው። ይህ መመለስም ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ አሁንም አንድ ቦታ ላይ የቆመ ይመስላል። «ደግማችሁ አጥፉት» የሚለው ምክር የሚሰብረው ይህን ነው። የመጀመሪያው መጥፋት ብዙ ጊዜ ይታለፋል። እየተመለሰ ሳለ ማጥፋት ግን የድሮውንም የአዲሱንም ግማሽ ግማሽ አድርጎ ያስቀራል።

እርግጥ ነው፣ ዊንዶውስ ሁለት ሦስት ጊዜ መነሳት ሲያቅተው የጥገናውን ገጽ ራሱ ያመጣል። ጸሐፊው «ደግማችሁ» ያለው ይህን ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ያ ግን ጨርሶ ለማይነሳ ማሽን ነው። እየሠራ ላለው አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ ፎርማት ነው። እዚህ ላይ ቀዝቀዝ ብዬ ለመጻፍ ይቸግረኛል።

ከቢቸና አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጣች። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር የያዘችው። አፕግሬድ ላይ ቆሞባት፣ 15 ደቂቃ ጠብቃ፣ ሁለት ጊዜ አጥፍታ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ወስዳ ፎርማት አስደርጋዋለች። ላፕቶፑ አሁን በደንብ ይሠራል። ከፈትኩት። ዴስክቶፑ ላይ ሪሳይክል ቢን ብቻ አለ። «ጥናቴስ?» አለችኝ። «ዴስክቶፕ ላይ ነበር፤ መመረቂያ የሚል ፎልደር።» ዲን ከፈትኩ። ሁለት ፊልምና የድሮ መዝሙሮች አሉ። ሌላ የለም።

ማሽኑ ኤስኤስዲ ነበር። ኤስኤስዲ ላይ አንድ ክፍል ሲፎረመት ዲስኩ ባዶ የተባለውን ቦታ ከውስጥ ያጸዳዋል። በሪከቨሪ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ፈለግኩ፤ ምንም አላገኘሁም። የተረፋት ለአማካሪዋ በኢሜይል ልካው የነበረው ሁለት ምዕራፍ ነው። መጠይቁን፣ የሰበሰበችውን መረጃ፣ የሠራችውን ሠንጠረዥ አጣች። ላፕቶፑ ወደ ፎርማት ሲገባ ፋይሉ በሙሉ ውስጡ ነበር። አፕግሬዱ አንድም ፋይል አላጠፋባትም።

«ፋይላችሁ ዲ ላይ ስለሆነ አይነካም» የሚለው ከጽሑፉ ሁሉ በጣም አደገኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሁሉ ሲ ውስጥ ነው፤ ሲ ማለት ዊንዶውሱ ራሱ ያለበት ክፍል ነው። ዶክመንትስ ሲ ውስጥ ነው። ፒክቸርስና ዳውንሎድስም እንደዚያው። ከቴሌግራም ያወረዳችሁት፣ ካልቀየራችሁት በስተቀር፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ስለሚገባ ሲ ላይ ነው። ዲ ላይ ያለው አውቃችሁ ወስዳችሁ ያስቀመጣችሁት ብቻ ነው። ብዙ ላፕቶፕ ደግሞ ዲ የሚባል ክፍል ጭራሽ የለውም።

ከፎርማት በፊት የሚሞከር ብዙ ነገር አለ። ማሽኑ መነሳት ሲያቅተው በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ትራብልሹት»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚል አለ። ውስጡ መነሻውን የሚጠግን አለ፤ የመጨረሻውን አፕዴት የሚነቅል አለ፤ ወደ ቀድሞው ዊንዶውስ የሚመልስ አለ፤ ዊንዶውሱን በጣም አስፈላጊ በሆነው ነገር ብቻ የሚያስነሳው ሴፍ ሞድም አለ። ሴፍ ሞድ ላይ ከተነሳ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል። በዚያው ፋይላችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ።

በዚህም ካልሆነ፣ ዊንዶውስ መነሳት አልቻለም ማለት ፋይሉ አይነበብም ማለት አይደለም። ኡቡንቱ የሚባለውን ከዊንዶውስ የተለየ ሲስተም ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ፣ ሳይጭኑ «ሞክር» በሚለው ብቻ ማስነሳት ይቻላል። ከዚያ የሲን ክፍል ከፍቶ ዩዘርስ የሚለው ፎልደር ውስጥ መግባት ነው። ስማችሁ እዚያ አለ። ፋይላችሁም እዚያ አለ። ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀረው። በርካታ ሰዎችን ያወጣሁት በዚህ መንገድ ነው።

አዲስ መጫን የግድ ከሆነም ፎርማት ማድረግ የግድ አይደለም። በፍላሽ ስትጭኑ የትኛው ክፍል ላይ እንደሚጫን ይጠይቃል። ቦታ ካለ፣ ክፍሉን ሳታጠፉና ሳትፎርምቱ እንዲሁ መርጣችሁ ቀጥሉ። የድሮው ከነዩዘርሱ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ይገባል። ፕሮግራሞቹን ደግማችሁ ትጭናላችሁ፤ ፋይሉ ግን ይገኛል። ለአንድ ጠጋኝ ይህን መምረጥ አንድ ክሊክ ነው። ላፕቶፕ ስትሰጡ «ሳትፎርምት ጫንልኝ፣ መጀመሪያ ፋይሌን አውጣ» በሉ። ከሰጣችሁ በኋላ ሳይሆን ስትሰጡ።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ያላነሳው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ላፕቶፕ ዲስኩ የተቆለፈ ነው፤ ቢትሎከር ይባላል። ሲቸገር 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ ኡቡንቱም አያነበውም፣ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ማሽን ላይ መስካትም አይረዳም። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ላፕቶፑ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። ችግሩ፣ ሱቅ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ሻጩ በራሱ ኢሜይል ከፍቶ ይሰጣል። ቁልፉ የማታውቁት ሰው ኢሜይል ውስጥ ነው ማለት ነው። አፕግሬድ ከመጀመራችሁ በፊት ዛሬውኑ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ እዩ። ቁልፉን አግኝታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አይደለም፤ ሌላ ቦታ።

«ያረጀ ነው፣ ሌላ ግዙ» የሚለውን ባጭሩ ላልፈው። ግማሹ ልክ ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው። ይህን የማያሟላ ማሽን ላይ ፍተሻውን አስዘልሎ መጫን ይቻላል፤ ለሥራ በሚያገለግል ላፕቶፕ ላይ ግን አላደርገውም። እዚህ ላይ የጸሐፊው ስጋት ተገቢ ነው።

ነገር ግን ከሚመጡልኝ ውስጥ አብዛኞቹ መስፈርቱን ያሟላሉ። የሚቆሙት በሌላ ምክንያት ነው። ሲ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወይ ዲስኩ መታመም ጀምሯል። ወይ ዊንዶውሱ በክራክ፣ ማለትም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ፣ የተከፈተ ነው። ወይ ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ ተጭኗል። አፕግሬዱ ሲከሽፍ የሚሰጠው የስህተት ኮድ ራሱ ብዙ ይናገራል። ውስጡ 1900101 የሚል ካለበት ብዙውን ጊዜ የድራይቨር ነገር ነው። በ70070 ካለቀ ቦታ ጠቧል። ኮዱን ፎቶ አንሱት። «ስህተት አለ ይላል» ከሚለኝ ሰው ይልቅ ፎቶ ይዞ የመጣውን በግማሽ ጊዜ እጨርስለታለሁ። ሃርድ ዲስክ ያለውን ላፕቶፕ በኤስኤስዲ መቀየር ደግሞ ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። አምስት ዓመት ያገለገለ ማሽን እንደ አዲስ ሲነሳ ባለቤቱ ፊት ላይ የማየውን ደስታ ጸሐፊውም ቢያይ እወዳለሁ።

አፕዴቱን ዝጉት የሚለውስ? ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ብዙ ማሽን ሳይታደስ ቆየ። ሲመለስ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ መጣ። ፓኬጁን በላ፣ ማሽኑን አዘገየ፣ ሥራ አስፈታ። ሰው «ይቅርብኝ» ቢል አይፈረድበትም። በፈተና ሳምንት ወይም ሪፖርት በሚዘጋበት ሰሞን አፕዴቱን ለጥቂት ቀን ማቆየትም ብልህነት ነው።

ለዘለቄታው መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ለተመዘገበ ማሽን የጥበቃ አፕዴቱን አንድ ዓመት የሚያራዝም አሠራር አለ። «ዊንዶውስ 10 ይበቃኛል» የምትሉ ቢያንስ እሱን ተመዝገቡ። ከዚያ ውጪ አዲስ የሚገኝ ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ይህ የሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ላንሳ። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ ዓለምን አዳረሰ። በ150 አገሮች ገደማ ከ200,000 በላይ ኮምፒውተር ያዘ፤ ፋይሉን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘዋል። የሚያሳዝነው፣ ያን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት መጋቢት ላይ ወጥቶ ነበር። ሁለት ወር ቀድሞ። የተጠቁት በአብዛኛው አፕዴቱን ያልጫኑ ናቸው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ፍላሽ አለ። አንድ ፍላሽ ጠዋት ጽሕፈት ቤት፣ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ማታ ላፕቶፓችን ላይ ይሰካል። ስንትና ስንት ማሽን እንደነካ የሚያውቅ የለም። አፕዴቱን የዘጋ ማሽን ላይ ያን ፍላሽ መሰካት በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

የመብራቱ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር ተቀራርበናል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ፣ መብራት በሚሄድበት ሰሞን አፕግሬድ መጀመር አደጋ ነው። እስማማለሁ። እዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው የምንገዛው፤ ባትሪው አሥር ደቂቃ የማይሞላ ስንት አለ። ግን መልሱ «አይሞከርም» ሳይሆን «ተዘጋጅቶ ይሞከር» ነው።

በመጀመሪያ ባትሪውን ፈትኑት። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ቻርጀሩን ንቀሉና ቪዲዮ ክፈቱ። ሰዓት ያዙ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ መብራት ቢሄድም የሚያሳልፍ ጊዜ አላችሁ። ካልቆየ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆየው ባትሪ፣ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አድርጉት፤ ትምህርት ቤት፣ ቢሮ፣ ወይም እንደኛ ያለ ጥገና ቤት። ጄኔሬተር ላይ ከሆናችሁ መቼ እንደሚጠፋ ጠይቁ።

ኢንተርኔቱም እንደዚሁ ነው። አፕግሬዱን በስልክ ዳታ አታውርዱት። የዊንዶውስ 11 ፋይል ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ነው። ጥሩ ኔትወርክ ያለው ሰው አንዴ ያውርደውና 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ ላፕቶፑ እንደበራ፣ ዊንዶውሱ ውስጥ ሆናችሁ ከፍላሹ ላይ ሴታፕ የሚለውን ክፈቱ። እንዲህ ሲጀመር ፋይላችሁም ፕሮግራማችሁም እንዳለ እንዲቆይ መምረጥ ትችላላችሁ። አፕዴት አሁን ላውርድ ወይ ሲል «አሁን አይደለም» በሉት። በዚህ መንገድ ለአንድ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ማሽን በአንድ ቅዳሜና እሁድ አሳድገናል፤ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዷል። አንዱ ማሽን ብቻ መሃል ላይ ጠፋ። ሲነሳ ወደ ድሮው ተመለሰ፤ እሁድ ከሰዓት ደግመን ጀመርነው፣ አለቀ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሲ ላይ ቢያንስ 30 ጊጋ ባዶ ቦታ ይኑር። የሚያስጨንቃችሁን ፋይል ሌላ ቦታ ገልብጡ። አዲሱ ከተጫነ በኋላ ካልተመቻችሁ፣ በ10 ቀን ውስጥ ከሴቲንግስ «ሪከቨሪ» ገብታችሁ ወደ ድሮው መመለስ ትችላላችሁ። ከ10 ቀን በኋላ የድሮው ይሰረዛል። ላፕቶፑ እየሠራ ሳለ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ መኪና አትሳፈሩ። ከሞጣ እስከዚህ «እየጫነ ነው» ተብሎ በርቶ የመጣልኝ ማሽን አለ። ሃርድ ዲስኩ በመንገዱ ንዝረት ተጎድቶ ነበር።

ጸሐፊው ይህን ካነበበ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። ጽሑፉን አያጥፋው። ሰው ያነበዋል፤ ያምነዋልም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይቀይርልኝ። «15 ደቂቃ» ያለበት ላይ «የዲስኩን መብራት እዩ፣ እስኪነጋ ጠብቁ» ብሎ ያስገባ። «ዲ ላይ ስለሆነ አይነካም» ያለበት ላይ ደግሞ «ዴስክቶፕ ሲ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ፋይሉን አውጡ» ይበል። የቢቸናዋ ልጅ ጥናቷን እንደገና ጀምራለች። መጠይቋን ይዛ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረች ነው። አሁን ማታ ማታ የሠራችውን ለራሷ ኢሜይል ትልካለች፤ አንዳንዴ ለእኔም ትልከዋለች፣ እኔም ሳልከፍተው አስቀምጥላታለሁ።